«ሰውየው ነገ ቢሞትስ?» ስለ ምክትል ዕጩ እንዴት እንከራከር

ቅዳሜ ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ሐዋሳ፣ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ዋርካ ሥር ሃያ የሚሆኑ ልጆች ስለ ኬንያ ሲከራከሩ ታገኛላችሁ። እኔ የዜግነት ትምህርት መምህርት ነኝ። የክርክር ክበቡን ከያዝኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። እስካሁን ልጆቹን እንደዚህ ርዕስ የሚያነቃቸው አላገኘሁም፦ አንድ የፕሬዝዳንት ዕጩ ምክትሉን ሲመርጥ ትክክል ሠራ ወይስ ተሳሳተ? እንዴት እንደምናካሂደው ልንገራችሁ። ካፌ ውስጥም፣ ቤት ቡና ላይም ይሠራል።

«ቲቸር፣ እኛ ምክትል ፕሬዝዳንት የለንም፤ ምን አገባን?» የሚል ልጅ በየዓመቱ አይጠፋም። ልክ ነው። በእኛ ሕገ መንግሥት ፕሬዝዳንቱን የሚመርጡት ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ፣ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው። ተጣማሪ ዕጩ የሚባል ነገር የለም። ግን የሞያሌ መንገድ በከተማችን ያልፋል፤ ወዲያ ማዶ ያለው ናይሮቢ ነው። ደግሞም ስለራሳችን ስናወራ ቶሎ ደም ይፈላል። ስለ ጎረቤት ስናወራ ረጋ ብለን እናስባለን።

ዘዴውን ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም። የግቢያችን ጥበቃ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ትንሿን ሬዲዮናቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው በሩ ዳር ይቀመጣሉ። አንድ ቅዳሜ ልጆቹ ማን ስንት ድምፅ ያመጣል እያሉ ሲሟገቱ ሬዲዮኑን ዘጉና ጠጋ አሉ። «ልጆቼ፣ ዋናው ሰውዬ ነገ ቢሞትስ? ይሄኛው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ እንቅልፍ ይወስዳችኋል?» አሉ። ሁሉም ዝም አለ። አንድ ሰዓት ሙሉ ስንከራከር ይህን ያነሳ አልነበረም። እኔም ጭምር።

ከዚያ ወዲህ ክርክር ሳይጀመር ሰሌዳው ላይ ሦስት ጥያቄ እጽፋለሁ። ድምፅ ያመጣል ወይ? ወንበሩን ይችላል ወይ? ከዋናው ጋር አብሮ መሥራት ይችላል ወይ? የሚናገር ሰው አፉን ሲከፍት የትኛውን እየመለሰ እንደሆነ መናገር አለበት። አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚመጣው አንዱ ስለ ማሸነፍ፣ ሌላው ስለ ማስተዳደር እያወራ፣ ሁለቱም ስለ አንድ ነገር የሚያወሩ ስለሚመስላቸው ነው።

ርዕሱ ውስጥ ያልተመረጠው ሰው ይግባ

በ2014 ዓ.ም. የኬንያን ፕሬዝዳንታዊ ምርጫ ስላሸነፉት ስለ ዊሊያም ሩቶ ስትከራከሩ «ሩቶ ጥሩ ምክትል መረጡ ወይ?» ብላችሁ አትጀምሩ። ከማን ጋር ሲነጻጸር? ያልተመረጠው ሰው ካልተጠራ አንዱ ወገን ከመልአክ ጋር ያወዳድራል፣ ሌላው ከሰይጣን ጋር። የእኛ ርዕስ እንዲህ ይላል፦ «ዊሊያም ሩቶ በ2014 ዓ.ም. ከኪቱሬ ኪንዲኪ ይልቅ ሪጋቲ ጋቻጉዋን መምረጣቸው ትክክል ነበር።» ሁለቱም የኬንያ ተራራ አካባቢ ሰዎች ናቸው። ጋቻጉዋ የማቲራ ሕዝብ ወደ ፓርላማ የላካቸው ፖለቲከኛ ነበሩ። ኪንዲኪ የሕግ ፕሮፌሰርና ሴናተር። አሁን ክርክሩ መልክ ያዘ።

ቀኑንም ቆልፉት። ሩቶ ምርጫቸውን ያሳወቁት ግንቦት 7 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያው ዙር ከዚያ ቀን በኋላ የሆነውን ማንሳት ክልክል ነው። ይህ ሕግ ልጆቹን ያናድዳቸዋል፤ መጨረሻውን ያውቁታላ! የኬንያ ሴኔት ጋቻጉዋን ጥቅምት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሥልጣን አነሳ። ቦታቸውን የወሰዱት ደግሞ ያው ኪንዲኪ ናቸው። ይህን ይዞ መርታት ምን ይከብዳል? የሰው ውሳኔ ግን መመዘን ያለበት በወሰነበት ቀን በእጁ በነበረው ነገር ነው። ለልጆቼ ከሁሉም በላይ እንዲገባቸው የምፈልገው ይህ ነው፤ ነገ የራሳቸውን ሕይወት ሲመዝኑም ይጠቅማቸዋልና። መጨረሻውን በሁለተኛው ዙር እንከፍተዋለን።

ባለፈው ዓመት አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ በዚህ ሕግ ውስጥ ሆና ሁላችንንም አስገረመችን። ሌሎቹ «ሁለቱ እንደሚጣሉ ያኔ ማን ያውቅ ነበር?» ሲሉ እሷ ተነሳች። «ሩቶ ራሳቸው የፕሬዝዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ምክትል ነበሩ። ተቃቅረው ኬንያታ በዚያ ምርጫ የሩቶን ተፎካካሪ ራይላ ኦዲንጋን ነበር የደገፉት። ይሄ ሁሉ ከግንቦት 7 በፊት የሆነ ነው። ምክትልና አለቃ ሲጣሉ ምን እንደሚመጣ ከሩቶ በላይ የሚያውቅ አልነበረም» አለች። ቀኑን መቆለፍ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ማን ያውቅ ነበር ከምንለው ውስጥ ስንቱ ያኔም ይታወቅ እንደነበር ያሳያል።

«ድምፅ ያመጣል» ሲባል ማስረጃ ጠይቁ

ሰው ሁሉ በቀላሉ የሚያምነው ነገር ቢኖር ምክትሉ የመጣበትን አካባቢ ይዞ ይመጣል የሚለው ነው። ማርታ ካሩዋን ውሰዱ። ራይላ ምክትል ዕጩ ያደረጓቸው ሩቶ ባሳወቁ በማግስቱ ነበር። ካሩዋ በኬንያ ተራራ አካባቢ ያለው የኪሪንያጋ ካውንቲ ሰው ናቸው። ነሐሴ 3 ቀን 2014 ዓ.ም. ድምፅ ሲሰጥ ግን ኪሪንያጋ ላይ ሩቶ በሰፊ ልዩነት አሸነፉ። አሜሪካም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ሎይድ ቤንትሰን ቴክሳስን፣ በ2004 ጆን ኤድዋርድስ ሰሜን ካሮላይናን፣ በ2012 ፖል ራያን ዊስኮንሲንን ለዋና ዕጩዎቻቸው ማስገኘት አልቻሉም።

የተቃራኒው ወገን የሚያነሳው እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ የሆነውን ነው። ጆን ኬኔዲ የቴክሳሱን ሊንደን ጆንሰን ምክትል ዕጩ አድርገው ያዙ፤ ቴክሳስን በ46 ሺህ ገደማ ድምፅ ብልጫ ወሰዱ። ጠንካራ ምሳሌ ነው። ቢሆንም «ያለ ጆንሰንስ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሩቶም ያሸነፉት በ50.49 በመቶ ነው። ልዩነቱ እንዲህ ሲጠብ ሁሉም «ያሸነፍነው በእኔ ነው» ማለት ይችላል። ይህን የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ምክትሉ የመጣበትን አካባቢ ያለፈ ምርጫ ውጤት አምጣ በሉት። ካላመጣ ነጥብ አይያዝለት።

የካሩዋ ነገር ከተነሳ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ጎበዝ ተከራካሪያችን «የተመረጡት ሴት ስለሆኑ ብቻ ነው» ብሎ ተቀመጠ። የሚደግፋቸውም ወገን ቢሆን «ሴት ስለሆኑ ደስ ይላል» ከማለት አላለፈም ነበር። ሁለቱም ሴትየዋን ረሷቸው። ከኋላ የተቀመጠች፣ እምብዛም የማትናገር ልጅ እጇን አወጣች። ደብተሯን እንደ ጋሻ ደረቷ ላይ ይዛለች። ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች። ዳኛ ነበሩ። ጠበቃ ነበሩ። የጊቹጉ የፓርላማ ተወካይ ነበሩ። የፍትሕ ሚኒስትር ነበሩ፤ ሥራዬን እንዳልሠራ ተደረግሁ ብለው እ.ኤ.አ. በ2009 ሚኒስትርነቱን ለቀቁ። «አሁን ‹ብቻ› የሚለውን ቃል አውጣልኝ» አለችው። አወጣው። ዕጩው ወንድም ይሁን ሴት፣ ከየትም ይምጣ፣ ክርክሩ የሥራ ታሪኩን ሳይቆጥር እንዳያልቅ።

ወንበሩን ይችላል ወይ?

እዚህ ላይ ልጆቹ ይሸማቀቃሉ። «ቲቸር፣ ማሟረት አይሆንም?» ይሉኛል። በቆመ ሰው ላይ ሞት ማንሳት በእኛ ባህል ይከብዳል፤ ይገባኛል። ነገር ግን ሕጉ ራሱ አስቦበታል። በኬንያ የፕሬዝዳንቱ ወንበር ባዶ ከሆነ ምክትሉ ቀሪውን ዘመን ይጨርሳል። በአሜሪካ ዘጠኝ ምክትሎች በዚህ መንገድ ፕሬዝዳንት ሆነዋል፤ ስምንቱ አለቃቸው ሞቶ፣ አንዱ፣ ጄራልድ ፎርድ፣ አለቃቸው ሥልጣን ለቅቀው። ሃሪ ትሩማን ምክትል ሆነው የቆዩት 82 ቀን ብቻ ነው። አለቃቸው ፕሬዝዳንት ሩዝቬልት ሚያዝያ 1937 ዓ.ም. ሲሞቱ ዓለም ጦርነት ላይ ነበረች። ትሩማን ስለ አቶሚክ ቦምቡ በዝርዝር የተነገራቸው ወንበሩ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ነው። ይህን ስነግራቸው ማሟረቱ ይረሳል።

ታዲያ የዕድሜ ጉዳይ ስድብ ሳይሆን ሒሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ዕጩ የነበሩት ጆን ማኬይን ምክትል ዕጩ አድርገው ሳራ ፔሊንን ያሳወቁት 72 ዓመት በሞላቸው ቀን ነበር። ስለ ፔሊን የሚከራከር ሰው ይህን ቁጥር መዝለል የለበትም። እኔ ለዚህ ሁለተኛ ጥያቄ ከሌሎቹ ሁለቱ እጥፍ ነጥብ እሰጣለሁ። የማይስማሙ ተማሪዎች አሉኝ፤ ካላሸነፉ የሚያዝ ወንበር የለም ይላሉ። በዚህ ከእኔ ጋር መከራከር ይፈቀድላቸዋል።

ሕመም ሲነሳ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1972 የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ዕጩ የነበሩት ጆርጅ ማክገቨርን ቶማስ ኢግልተንን ምክትል ዕጩ አድርገው መረጡ። ሰውየው በድብርት ሕመም ሆስፒታል ተኝተው መታከማቸው ሲሰማ በ18 ቀናቸው ከዕጩነት ወጡ። ጥያቄው ማክገቨርን ሳያጣሩ መምረጣቸውና አንድ ሺህ በመቶ ከጎናቸው ነኝ ብለው መተዋቸው ነው። የሰውየው መታመም አይደለም። የታመመ ዘመድ የሌለው ቤት የለም፤ አጠገባችሁ የተቀመጠው ልጅ ምን ይዞ እንደመጣ አታውቁም።

ሥርዓቱ

ለአንድ ሰው አራት ደቂቃ። ከመመለሱ በፊት የሌላውን ሐሳብ በራሱ አንደበት ይደግማል፤ ባለቤቱ «አዎ፣ ያልኩት ይሄን ነው» ካላለ መልስ አይጀምርም። ከዚያ ወገን ይቀያየራሉ።

አንድ ቃል ፈጽሞ አልፈቅድም፤ «የናንተ ሰዎች»። ከሦስት ዓመት በፊት፣ የኬንያን ጎሳ ድምር ስንደምር፣ አንዱ ልጅ ወደ ጓደኛው ዞሮ ይህን አለ። ከኬንያ በአንድ ቃል እኛ ቤት ገባን። ሁለቱ ሦስት ሳምንት ሳይነጋገሩ ቆዩ። የዚያን ቀን ወዲያው ባለማቋረጤ አሁንም ይቆጨኛል። አሁን ቃሉ ሲወጣ ክርክሩ ይቆማል፤ ተናጋሪው «ኪኩዩ» ወይም «ካሌንጂን» ብሎ ስሙን ጠርቶ፣ ስለ የትኛው ካውንቲ ስንት ድምፅ እንደሚያወራ ቆጥሮ ይጀምራል።

መጨረሻ ላይ ቁራሽ ወረቀት አድላለሁ። ስም አይጻፍም። «ሐሳቤ ተቀይሯል» ወይም «አልተቀየረም»፣ ከሥሩ ደግሞ አንድ ምክንያት። ባለፈው ቅዳሜ 21 ወረቀት ሰበሰብኩ፤ ስድስቱ ተቀይሯል ይላሉ። አንዱ በእርሳስ፣ በትልልቅ ፊደል ነበር የተጻፈው። ጋሼ ናቸው። «አልተቀየረም። ይሄኛውም ቢቀመጥ እንቅልፍ አይወስደኝም» ይላል።