በሚስማርና በመዶሻ የሚሠራ የቆርቆሮ ፎቶ ፍሬም

ይህ ሥራ ብየዳ አይጠይቅም፣ ማሽንም አይፈልግም። ስስ ቆርቆሮ፣ የቆርቆሮ መቀስ፣ መዶሻና ሚስማር ካለ መጀመር ይቻላል። ቆርቆሮው አዲስ መሆን የለበትም። በ19ኛው መቶ ዘመን ዛሬ የአሜሪካ ግዛት በሆነችው በኒው ሜክሲኮ የነበሩ ባለሙያዎች ፍሬም ይሠሩ የነበረው ከተጣለ የምግብ ጣሳ ጭምር ነው። የትልቅ ዘይት ቆርቆሮ ጎን ጥሩ ነው። ውፍረቱ ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ከሆነ በእጅ ይታጠፋል።

መጀመሪያ ወፍራም ጓንት አጥልቁ፣ መከላከያ መነጽርም አድርጉ። የተቆረጠ ቆርቆሮ ከምላጭ አይተናነስም።

ለ10 በ15 ሴንቲ ሜትር ፎቶ፣ 22 በ27 የሆነ ቆርቆሮ ቁረጡ። መቀሱን እስከ ጫፉ አትዝጉት፤ ጫፉ ሲገጥም ጠርዙን ይቦጭቀዋል። ከጠርዙ 1.5 ሴንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ ዙሪያውን አስምሩ። ይህ ኋላ የሚታጠፈው ክፍል ነው። መሃሉ ላይ 9 በ14 የሆነ መስኮት፣ በእሱ ውስጥ ደግሞ 8 በ13 የሆነ ሌላ መስመር አስምሩ። መስኮቱን ግን አሁን አትቁረጡት። ሙሉ ቆርቆሮ ሲመታ ብዙ አይጣመምም።

ንድፉን ወረቀት ላይ በነጥብ ሣሉና በፕላስተር ለጥፉት። በነጥቦቹ መካከል ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይኑር። ከዚያ ከጠበበ ቀዳዳው ከቀዳዳ ጋር ይቀደዳል። ቆርቆሮውን ለስላሳ ጣውላ ላይ አድርጋችሁ አራቱን ማዕዘን በሚስማር ያዙት፤ ማዕዘኖቹ በኋላ ስለሚቆረጡ ቀዳዳው አይታይም። ከጣውላው ሥር የታጠፈ ጨርቅ ብታነጥፉ ጎረቤትም አይማረርም።

ዋናው ነገር የቱ ጎን እንደሚመታ መወሰን ነው። ከፊት ለፊት ስትመቱ ንጹሕ ቀዳዳ ታገኛላችሁ፤ ሻካራው ጠርዝ ወደ ኋላ ይወጣል። ከጀርባ ጫፉ በሞረድ በተደነዘ ሚስማር ስትመቱ ግን ቆርቆሮው ሳይበሳ ወደ ፊት ያብጣል። ብርሃን የሚጫወተው እዚህ እብጠት ላይ ነው። እኔ ሁለቱን ማደባለቅ እመርጣለሁ፤ ቀዳዳው መስመሩን ይስላል፣ እብጠቱ መሃሉን ይሞላል። ከጀርባ የሚመታ ፊደል ካለ ተገልብጦ መሣል አለበት።

በቁራጭ ቆርቆሮ ላይ እጃችሁን አለማምዱ። የሚፈለገው ጉልበት ሳይሆን እኩል ምት ነው። አንዱ ቀዳዳ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ከሆነ የቱንም ያህል የሚያምር ንድፍ ይበላሻል። ጀማሪ ደግሞ ሁሉንም ቦታ በነጥብ መሙላት ይወዳል። ይቅርባችሁ! ባዶ ቦታ ከሌለ ንድፉ አይለይም።

ምቱ ብረቱን ስለሚለጥጠው ቆርቆሮው መጉበጡ አይቀርም። ያልተመታውን ቦታ ብቻ በእንጨት ቁራጭ ቀስ እያላችሁ አቅኑት። እብጠቱን ከነካችሁት ይጠፋል።

አሁን መስኮቱን ቁረጡ። መሃሉን በመሮ ሰንጥቁና መቀሱን አስገቡ። የሚቆረጠው በ8 በ13ቱ መስመር ነው። ከእያንዳንዱ ማዕዘን እስከ 9 በ14ቱ መስመር ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡና የተረፈውን በፒንሳ ወደ ኋላ እጠፉት። ስለታሙ ጠርዝ ተደበቀ ማለት ነው። የፍሬሙን አራት ማዕዘኖችም 1.5 በ1.5 አድርጋችሁ ቁረጡ። ጠርዙን ሁሉ በሞረድ አለስልሱ።

ቆርቆሮ ከዝገት የሚጠበቀው በላዩ ባለው ስስ ሽፋን ነው፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ ደግሞ ሽፋኑን ይሰብራል። ስለዚህ በሳሙና አጥባችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ፣ ከፊትም ከኋላም ቀለም የሌለው ቫርኒሽ ቀቡት።

ቫርኒሹ ሲደርቅ የጎንና የጎን እጥፋቶቹን ከላይ ዝቅ ብላችሁ ብሱና የመስቀያ ሽቦ እሰሩ። ከዚያ በፊቱ ደፍታችሁ በቅደም ተከተል ደርድሩ። መጀመሪያ 19 በ24 የሆነ፣ መሃሉ እንደ ፎቶው 10 በ15 በሆነ መስታወት ልክ የተቆረጠ ካርቶን፤ በክፍተቱ ውስጥ መስታወቱና ፎቶው፤ በላዩ ሙሉ ካርቶን። በመጨረሻ አራቱን ጎኖች ካርቶኑ ላይ እጠፉ። ፎቶ ለመቀየር የላይኛውን እጥፋት ብቻ አቅኑ። እሱም ደጋግሞ ከታጠፈ ይሰበራል።