አምባር ስታስመጡ አንጓችሁን አትለኩ

ከዱባይ ወይም ከጂዳ ለሚመጣ ሰው «አምባር ያዝልኝ» ስትሉ የእጅ አንጓችሁን ለክታችሁ አትላኩ። መቆለፊያ የሌለው ድፍን አምባር አንጓ ላይ ከመድረሱ በፊት በመዳፍ ማለፍ አለበት። አልገባም የሚለውም እዚያ ላይ ነው።

አውራ ጣታችሁን ወደ ትንሿ ጣት አጥፉና እጃችሁን ሰብሰብ አድርጉ፤ አምባር ስታስገቡ እንደምታደርጉት ማለት ነው። እጅ በጣም በሚሰፋበት፣ በጣቶቹ መነሻ አጥንት ላይ፣ ክር አዙሩና ክሩን በማስመሪያ ለኩት። ያገኛችሁትን ለ3.14 አካፍሉ። ዙሪያው 20 ሴንቲ ከሆነ የአምባሩ የውስጥ ስፋት 6.4 ሴንቲ ገደማ ይሆናል። ለሻጩ የሚነገረው ይሄ ነው። የምትለኩት አምባሩን የምታደርጉበትን እጅ ይሁን፤ ብዙ የምንሠራበት እጅ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ይሰፋል። ጠዋት በብርድ ባትለኩም ይሻላል፣ እጅ ሲሞቀው ያብጣል።

ደርድራችሁ የምታደርጉ ከሆነ ሁሉንም በአንድ ልክ ግዙ። አለበለዚያ ትልቁ ትንሹ ላይ እየወጣ ያስቸግራል። ወርቁን ከብረት ሰዓት ጋር በአንድ እጅ ባታደርጉት ደስ ይለኛል፤ 21 ካራት ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይጫጫራል።

መቆለፊያ ላለው ብራስሌት ግን ይህ ልኬት አይሆንም፣ ይሰፋባችኋል። ለእሱ አንጓውን ለክታችሁ 1.5 ሴንቲ ገደማ ጨምሩበት።