ርቀቱን ከየት ነው የምትለኩት?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ማታ ማታ ፊዚክስ አስጠናለሁ። ሐሙስ ዕለት እንደለመደው መብራት ጠፋ፤ በስልኬ ባትሪ እያበራን ቀጠልን። የጎረቤቴ ልጅ ደብተሯን ወደ ብርሃኑ አስጠጋችው። "ጋሼ፣ 90 ቮልት ነው አይደል?"

አይደለም።

ጥያቄው ይሄ ነው። 2 ናኖኩሎምብ (ኩሎምብ የቻርጅ መለኪያ ነው) ፖዘቲቭ ቻርጅ አለ። ነጥብ "ሀ" ከቻርጁ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ነጥብ "ለ" በዚያው አቅጣጫ 30 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። የፖቴንሻል (ነጥቡ ላይ ለአንድ ኩሎምብ ቻርጅ የሚደርሰው ኢነርጂ ነው፤ በቮልት ይለካል) ልዩነታቸው ስንት ነው?

ልጅቷ 30 ላይ 10 ቀንሳ በ20 ሴንቲ ሜትር ሠራችው። ርቀቱ የሚለካው ግን ከቻርጁ ነው፤ ለእያንዳንዱ ነጥብ ለየብቻ። መጀመሪያ 9 ቢሊዮንን (የኩሎምብ ቋሚ ቁጥር ነው) በቻርጁ አባዙ። ናኖ የቢሊዮን አንድኛ ስለሆነ ከቢሊዮኑ ጋር ይጣፋል፤ 18 ይቀራል። ይህን ለርቀቱ አካፍሉ፣ በሜትር። "ሀ" ላይ 18 ለ0.1 ሲካፈል 180 ቮልት። "ለ" ላይ 18 ለ0.3 ሲካፈል 60 ቮልት። "ሀ" ሲቀነስ "ለ"፦ 120 ቮልት። ርቀቱን ስኩዌር እንዳታደርጉ፤ እሱ የኤሌክትሪክ ፊልድ (አንድ ኩሎምብ ቻርጅ ላይ የሚያርፈው ጉልበት) ሲሰላ ነው።

ልጅቷ አልተዋጠላትም። "ለ"ን ከቻርጁ ማዶ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ላይ አደረግኩላት። በነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀት አሁንም 20 ነው። በሷ መንገድ አሁንም 90 ሊወጣ ነው። ግን ሁለቱም 180 ቮልት ላይ ናቸው፤ ልዩነቱ ዜሮ! ፖቴንሻልን እንደ ከፍታ አስቡት። እኔ አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ጀሪካን ተሸክሜ ከደረጃው እስከ በሬ ኮሪደሩን ብሄድ ከፍታዬ አይለወጥም። ወገቤ ግን ይህን ፊዚክስ አይቀበልም።

ቻርጁ ኔጌቲቭ ከሆነ ማይነሱን እስከ መጨረሻው ይዛችሁ ሂዱ። የመጀመሪያው ጥያቄ ማይነስ 180 ሲቀነስ ማይነስ 60፣ ማለትም ማይነስ 120 ቮልት ይሆናል። ቻርጆቹ ሁለት ከሆኑ ደግሞ እያንዳንዱ ነጥቡ ላይ የሚሰጠውን ፖቴንሻል ከነምልክቱ መደመር ነው፤ አንግል የለ፣ ምን የለ። ለዚህም ምሳሌ ልሠራላት እስክሪብቶ ሳነሣ የስልኬ ቻርጅ አለቀ።