በርሜሉን መድፋት ብቻ አይበቃም፦ ዴንጊን ከቤት ማስወጣት

እ.ኤ.አ. በ2013 ድሬዳዋ ላይ ከታየ ወዲህ የዴንጊ ትኩሳት የሚባለው የቫይረስ በሽታ ደጋግሞ ተመላልሷል። አስተላላፊዋ ኤደስ ኤጂፕታይ የምትባል፣ እግሮቿ ላይ ነጭ ቀለበት ያላት ጥቁር ቢምቢ ናት። ረግረግ አትፈልግም፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በየቤቱ የሚቀመጠው በርሜል ይበቃታል። የምትናከሰው በቀን፣ በተለይ ጠዋትና ከመምሸቱ በፊት ስለሆነ የሌሊት አጎበር ብቻውን አያድንም። ቀን ለሚተኛ ሕፃንና ለታማሚ አጎበሩ በቀንም ይዘርጋ።

እንቁላሏን ከውሃው ጠርዝ ከፍ ብሎ ባለው እርጥብ የበርሜል ግድግዳ ላይ ትለጥፈዋለች። እንቁላሉ ደርቆ ለወራት ይቆያል፤ ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። በርሜሉን ደፍተው መልሰው የሚሞሉ ሰዎች ቢምቢ የማያልቅባቸው ለዚህ ነው።

በሳምንት አንድ ቀን ቁረጡ። የተረፈውን ውሃ ደረቅ መሬት ላይ አፍስሱ እንጂ ቦይ ውስጥ አትልቀቁት። ከዚያ ውስጡን በሸካራ ብሩሽና በሳሙና ፈትጉ፤ የላይኛውን ጠርዝና መገጣጠሚያውን አደራ አትዝለሉ። አለቅልቃችሁ ሙሉና ክደኑ። ክዳን ከሌለው ወፍራም ጨርቅ ወጥራችሁ በላስቲክ ጥፍር አድርጋችሁ እሰሩት፤ የረገበ ጨርቅ ራሱ ውሃ ያቁራል። ከሳምንት ማሳለፍ አይሆንም፤ በሙቀት ከእንቁላል ተነስቶ እስኪበር ከ7 እስከ 10 ቀን ነው የሚፈጅበት። የሮቶን ክዳንና የትርፍ ውሃ ቱቦ አፍ በወንፊት ሸፍኑ። አሮጌ ጎማ፣ ጣሳና የአበባ ማስቀመጫ ሳህንም አይረሱ። ሊደፋ ለማይችል ትልቅ ማጠራቀሚያ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አማክሩ።

ቢምቢዋ ከነከሰች ከ4 እስከ 10 ቀን በኋላ ድንገተኛ ትኩሳት፣ ከዓይን ጀርባ የሚወጋ ራስ ምታት፣ የመገጣጠሚያና የወገብ ቁርጥማት ይመጣል። ወባም ሊመስል ስለሚችል ደም ተመርመሩ። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም። ለትኩሳቱ አዋቂ ሰው ባለ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ ይውሰድ፤ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አይለፍ። ጉበቱን የሚያመው ሰው ግን መጠኑን ሐኪም ይወስንለት፤ ለልጅም የሚለካው በክብደቱ ነው። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ መድማትን ስለሚያባብሱ ፈጽሞ አይወሰዱ። ፈሳሽ ሳይቋረጥ ይጠጣ፤ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት) ማሸጊያው ላይ በተጻፈው የውሃ ልክ ይበጥበጥ።

ብዙ ሰው የሚዘናጋው ትኩሳቱ ሲበርድ ነው። ሕመሙ ከጀመረ ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን ትኩሳቱ ሲወርድ «ዳነ» ይባላል፤ ከደም ሥር ፈሳሽ መውጣት የሚጀምረው ግን ያኔ ሊሆን ይችላል። ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የድድ ወይም የአፍንጫ መድማት፣ ጥቁር ሰገራ፣ መቁነጥነጥ ወይም መፍዘዝ ከታየ ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ ሆስፒታል አድርሱ። ቀድሞ ዴንጊ የያዘው ሰው ይህን ለሐኪሙ ይንገር፤ ቫይረሱ አራት ዓይነት ስለሆነ በሌላው ዓይነት ሲያዝ ሕመሙ ሊከብድ ይችላል።