በመብራት ገመድ የሚሄድ ኢንተርኔት አጭር ሞገድ ሬዲዮን ሲረብሽ እንዴት ይለያል? እንዴትስ ይስተካከላል?

በመንዝም ሆነ በደብረ ብርሃን የድንጋይ ቤት ግድግዳ ወፍራም ነው፤ ዋይፋይ ከዋናው ቤት ወደ ሰርቪስ ቤት እንደልብ አይሻገርም። አንዳንዱ ሰው መፍትሔ ብሎ ፓወርላይን አዳፕተር ይገዛል። አንዱን ከራውተሩ አጠገብ፣ ሌላውን ሰርቪስ ቤት ሶኬት ላይ ይሰካና ኢንተርኔቱ በመብራት ገመድ ይሄድለታል። ችግሩ የሚጀምረው ማታ ሬዲዮ ሲከፈት ነው።

አዳፕተሩ የሚሠራው በአብዛኛው ከ2 እስከ 28 ሜጋኸርዝ ባለው ሞገድ ነው፤ አዳዲሶቹ እስከ 86 ይደርሳሉ። የአጭር ሞገድ ጣቢያዎችም ያሉት እዚያው ውስጥ ነው፦ 49 ሜትር የሚባለው የሞገድ ክልል በ6፣ 41 ሜትር በ7.3፣ 31 ሜትር በ9.6 ሜጋኸርዝ አካባቢ። የኔትወርክ ኬብል ሽቦዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለተጠማዘዙ የአንዱን ጨረር ሌላው ያጠፋዋል። የመብራት ገመድ አልተጠማዘዘም፤ ወደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚወርደውም ፌዙ ብቻ ነው። ስለዚህ የቤቱ ገመድ በሙሉ አንቴና ይሆናል። ኤፍኤም ከ87.5 ሜጋኸርዝ ስለሚጀምር አይነካም። ነገር ግን ከጣርማ በር ቁልቁል ተራራው ኤፍኤምን ለሚጋርድበት ሰው ይህ ብዙም አያጽናናም።

1. በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ ያዙ። ከሶኬት የተሰካ ሬዲዮ ረብሻውን በራሱ ገመድ ስለሚስብ ያሳስታችኋል። ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ 49 ሜትር ላይ ጣቢያ የሌለበት ቦታ ፈልጉ።

2. ድምፁን ለዩ። ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ተሳስቶ ደህና ዕቃ ይጥላል። ፓወርላይን ማንም ኢንተርኔት ሳይጠቀም ገብስ ቆሎ ምጣድ ላይ እንደሚንጣጣ ይንጣጣል፤ አንድ ሰው ቪዲዮ ሲከፍት ወደ ወፍራም የ«ሽሽሽ» ድምፅ ይለወጣል። የቻርጀርና የኤልኢዲ አምፖል ድምፅ ግን ወጥ «እዝዝ» የሚል ነው፤ ኢንተርኔቱ ቢሠራም ባይሠራም አይለወጥም። በበጋ ነፋስ ሲነሳ ብሶ ዝናብ ሲጥል የሚጠፋ ኩርኩርታ ከሆነ ደግሞ የመብራት ምሰሶ ላይ የላላ ነገር ብልጭታ እየፈጠረ ሊሆን ይችላል። ለመብራት አገልግሎት አመልክቱ እንጂ ምሰሶውን አትንኩ።

ሌላ ጥሩ ምልክት አለ። ሬዲዮውን ከ7.0 ወደ 7.4 ሜጋኸርዝ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። እስከ 7.2 ወይም 7.3 ጸጥ ብሎ ከዚያ በኋላ ጩኸቱ ድንገት ከተነሳ፣ ጥፋተኛው ፓወርላይን መሆኑን ብዙም አትጠራጠሩ። አምራቾቹ ለአማተር ሬዲዮ (ግለሰቦች በትርፍ ጊዜያቸው እርስ በርስ ለሚነጋገሩበት) የተመደበውን ክፍል ሆን ብለው ይዘሉታል፤ የጣቢያዎቹን ግን ብዙዎቹ አይዘሉትም።

3. ዋናውን ብሬከር አጥፉ። ጩኸቱ ከጠፋ ምንጩ እናንተ ጋ ነው። መልሳችሁ አብሩና አዳፕተሮቹን ሁለቱንም ንቀሉ፤ አንዱ ብቻውንም ቢቀር መንጣጣቱን አይተውም። ብሬከር ጠፍቶም ከቀጠለ ከጎረቤት ነው። በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ ተከራዮች ባሉበት ግቢ ይህ የተለመደ ነው፤ ቆጣሪም ቢለያይ ሞገዱን ሙሉ በሙሉ አያግደውም። የሬዲዮውን አንቴና አሳጥራችሁ በግድግዳው ጥግ ተራመዱ፤ ጩኸቱ የሚያይልበት ክፍል ይመራችኋል።

4. አዳፕተሩን በኔትወርክ ኬብል ተኩት። ካት 5ኢ እስከ 100 ሜትር ያደርሳል፤ ለአንድ ግቢ 30 ወይም 40 ሜትር ይበቃል። ደጅ የሚዘረጋው ለውጭ የተሠራው ጥቁሩ ይሁን፤ የቤት ውስጡ ልባስ በደጋ ፀሐይ ይሰነጣጠቃል። ከመብራት ገመድ ጋር አንድ ቱቦ ውስጥ አታስገቡት። መብረቅ ሲያስፈራ ከሁለቱም ጫፍ ንቀሉት፤ በሁለት ቤት መካከል የተዘረጋ ኬብል ራውተር ያቃጥላል።

5. መተካት ካልተቻለ ረብሻውን ቀንሱ። ሬዲዮውን በባትሪ አድርጉ፤ 10 ሜትር ያህል ሽቦ ከቤቱና ከመብራት መስመር አርቃችሁ ደጅ ዘርጉ። ሽቦው ከመብራት መስመሩ ጎን ለጎን አይሂድ፤ ከመስመሩ እየራቀ በቀጥታ ማዕዘን ይዘርጋ፤ በላዩም በታቹም ግን አይለፍ፣ ቢወድቅ ይገድላል። ሬዲዮው የግድ ከሶኬት የሚሠራ ከሆነ የኤሌክትሪክ ገመዱን ረብሻ በሚያፍን ጥቁር ፌራይት ቀለበት ላይ 8 ዙር አጠንጥኑት። ከአሮጌ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ የሚወጣው ቢጫና ነጭ ቀለበት የብረት ዱቄት ስለሆነ ለዚህ አይረባም። አዳፕተሩ ላይ ፌራይት ማድረግም ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ ሞገዱ ሆን ተብሎ ገመዱ ውስጥ የገባ ነውና።

ጎረቤት ከሆነ ሬዲዮውን ይዛችሁ ሂዱና አዳፕተሩን ሲነቅል አብራችሁ አድምጡ። በቃል ከማስረዳት ይህ ይቀልላል። የኬብሉን ወጪ ብትጋሩ ደግሞ እሱም ፈጣን ኢንተርኔት ያገኝበታል።