የዕጢ ውጤት የዘር ውጤት አይደለም፦ ስለ ሆርሞን ተቀባይ ዘረ-መሎችና ስለ ጡት ካንሰር የሚደጋገሙ ስህተቶች

ስለዚህ ጉዳይ የሚጠይቁኝ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የፓቶሎጂ ውጤት በስልክ ፎቶ አንስቶ የሚልክልኝ ዘመድ ወይም የዘመድ ወዳጅ ነው። ሌላው የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፉን ለማስረከብ ጥቂት ሳምንታት የቀሩት ተማሪ ነው። ለመጀመሪያው ብዙ ትዕግሥት አለኝ፤ ማንም ተቀምጦ አላስረዳውምና። ለሁለተኛው ያለኝ ትዕግሥት እንደ ቀኑ ይለያያል። ከዚህ በታች የሁለቱንም ስህተቶች የጻፍኳቸው ባናደዱኝ ልክ ነው፤ አንዳንዱን አስረዝሜዋለሁ፣ አንዳንዱን በጥቂት መስመር አልፌዋለሁ።

የዕጢውን ውጤት የሴትየዋ ዘረ-መል አድርጎ ማንበብ

ጡት ላይ እብጠት ሲገኝ ናሙና ተወስዶ ወደ ፓቶሎጂ ክፍል ይላካል። ባለሙያው ከናሙናው በስሱ የተቆረጠውን ቁራጭ የኤስትሮጅን ተቀባይን፣ ማለትም ኤስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞን የሚቀበለውን ፕሮቲን፣ ለይቶ በሚይዝ ፀረ-አካል ያቀልመዋል። ተቀባዩ ያለባቸው የካንሰር ሕዋሳት አስኳላቸው ቡናማ ሆኖ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ከ2010 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በተሠራበት የአሜሪካ ባለሙያዎች መመሪያ መሠረት ከመቶ የካንሰር ሕዋሳት አንዱ እንኳ ቀለሙን ከያዘ ውጤቱ ፖዘቲቭ ተብሎ ይጻፋል። ይህ የዕጢው ጠባይ ነው። ዕጢው ኤስትሮጅንን ለዕድገቱ ሊጠቀም እንደሚችል፣ ስለዚህም ኤስትሮጅንን የሚቃወሙ መድኃኒቶች፣ ታሞክሲፌን ወይም መሰሎቹ፣ ሊሠሩ እንደሚችሉ ለሐኪሙ ይነግረዋል። ሴትየዋ ከወላጆቿ ምን እንደወረሰች፣ ለልጆቿም ምን እንደምታስተላልፍ ግን ምንም አይናገርም።

ይህን ስንት ጊዜ ተናገርኩ! «እኅቴ ኤስትሮጅን ፖዘቲቭ ናት ተብላለች፣ እኛስ ለዚሁ ነገር ደማችንን እንስጥ?» «ሆርሞኑ በዘራችን አለ ማለት ነው?» አንድ አባት ልጃቸው ልትዳር ስትል በጭንቀት ደወሉልኝ። የባለቤታቸውን ውጤት ያነበበላቸው ሰው «ፖዘቲቭ ነው፣ ዘርን ተከትሎ ይሄዳል» ብሏቸው ኖሮ፣ ለሙሽራው ቤተሰብ መንገር ይኖርብን ይሆን ብለው ነበር የሚጠይቁት። ልጅቷ አንድም ምርመራ አላደረገችም። እናቲቱም የተደረገላት የዕጢ ምርመራ እንጂ የዘረ-መል ምርመራ አልነበረም። ያን ዓረፍተ ነገር ለመናገር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ ከአንድ ቤተሰብ ልብ ለማውጣት ግን ምሽቱ አልበቃኝም። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ያልተጠየቀውን ባይናገር ምን ነበረበት?

ፖዘቲቭ ዕጢ ብርቅም አይደለም። በዓለም ላይ ከሚታዩ የጡት ካንሰሮች ከአሥሩ ሰባቱ ወይም ስምንቱ ይህ ተቀባይ አላቸው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በታከሙ ሴቶች ላይ ተሠርቶ በ2014 የታተመ ጥናትም ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ዕጢ ፖዘቲቭ መሆኑን አሳይቷል።

ይበልጥ የሚያስቆጨኝ ግን ተቃራኒው ነው። «ኔጋቲቭ» የሚለውን ቃል ያዩ ቤተሰቦች እፎይ ይላሉ፤ እንደ ኤችአይቪ ውጤት ያዩታል። አንዲት ወጣት ሴት የኤስትሮጅን ተቀባዩም፣ ፕሮጄስትሮን የተባለው የሌላው የሴት ሆርሞን ተቀባይም፣ ኸርቱ የሚባለው የዕድገት ተቀባይም ኔጋቲቭ የሆነበት ዕጢ ሲገኝባት ግን ስለ ውርስ መጠየቅ የሚገባው ያኔ ነው። ቢአርሲኤ 1 በተባለው ዘረ-መል ላይ የተበላሸ ቅጂ የወረሱ ሴቶችን የሚይዛቸው ካንሰር በአብዛኛው እንዲህ ያለው ነውና። ቢአርሲኤ 1 ደግሞ የሆርሞን ተቀባይ ዘረ-መል አይደለም፤ ሥራው የተሰበረ ዲኤንኤ መጠገን ነው። እናም መረጋጋት የሚገባው ቤተሰብ ሲጨነቅ፣ መጠየቅ የሚገባው ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ኔጋቲቭ ማለት «ዘረ-መሉ የለም» የሚመስለው ተማሪም አለ። ምርመራው የሚፈልገውን ተቀባይ፣ የኤስትሮጅን ተቀባይ አልፋን፣ የሚሠራው ዘረ-መል ኢኤስአር 1 ይባላል፤ በስድስተኛው ክሮሞዞም ላይ ይገኛል። ሴትም ወንድም፣ ታማሚም ጤነኛም ሁለት ሁለት ቅጂ አለው። ኔጋቲቭ በሆነው ዕጢ ውስጥም አብዛኛውን ጊዜ በቦታው አለ፤ ሥራውን አቁሞ ዝም ብሏል እንጂ አልጠፋም።

ናሙናው እንዴት እንደተያዘ ሳይጠይቁ ኔጋቲቭን ማመን

የተቆረጠው ሥጋ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን ውስጥ መግባት አለበት፤ እዚያም ከ6 ያላነሰ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ መቆየት አለበት። ዓርብ ከሰዓት ተቆርጦ፣ በስንት ሰዓቱ ፎርማሊን ውስጥ እንደገባ ሳይጻፍ፣ ሰኞ ወይም ማክሰኞ የሚደርስ ናሙና ተቀባዩ እያለው የለውም ሊባል ይችላል። ተማሪዎች እንዲህ ያለውን ውጤት ከመዝገብ ቀድተው «በሀገራችን ኔጋቲቭ ዕጢ በዝቷል» ብለው ይጽፋሉ።

በሕክምና መካከል የመጣን ሚውቴሽን እንደ ውርስ ማየት

በ2013 የታተሙ ጥናቶች ሥር በሰደደ ካንሰር ውስጥ በኢኤስአር 1 ላይ ሚውቴሽን (የዘረ-መል ለውጥ) እንደሚገኝ አሳዩ። በተለይ በተቀባዩ ፕሮቲን 537ኛና 538ኛ ቦታ ላይ የሚከሰቱት ተቀባዩን ኤስትሮጅን ሳይኖር እንደበራ ያቆዩታል። እነዚህ ለውጦች በብዛት የሚመጡት የኤስትሮጅንን መመረት የሚከለክሉ መድኃኒቶች ለረጅም ጊዜ ከተወሰዱ በኋላ ነው፤ ከመድኃኒቱ ያመለጡት ሕዋሳት ናቸው የሚበዙት። በጥር 2023 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤላሴስትራንት የተባለውን እንክብል የፈቀደው ለእነዚሁ ታማሚዎች ነው። ሚውቴሽኑ በደም ምርመራ መገኘቱ ሰዎችን ያሳስታቸዋል፤ በደሙ ውስጥ የተገኘው ከዕጢው የተንሳፈፈ ዲኤንኤ ነው። ለልጅ አይተላለፍም፤ ለእኅትም አያሠጋም።

በስድሳ ታማሚ «አዲስ የአደጋ ዘረ-መል» ማግኘት

አሁን ወደ ተማሪዎቼ ልምጣ። ፒቪዩ 2 እና ኤክስባ 1 የተባሉ ኢንዛይሞች የሚለዩዋቸው ሁለት የዲኤንኤ ልዩነቶች በኢኤስአር 1 የመጀመሪያው ኢንትሮን (ወደ ፕሮቲን በማይተረጎመው የዘረ-መሉ ክፍል) ውስጥ አሉ። ለመመርመር ርካሽ ናቸው፤ ፒሲአር ማሽን፣ ኢንዛይምና ጄል ካለ ይበቃል። በዚህም ምክንያት በየሀገሩ ተመርምረዋል። አንዱ ጥናት አደጋ ይጨምራሉ ይላል፣ ሌላው ይቀንሳሉ፣ ሦስተኛው ምንም። በፕሮጄስትሮን ተቀባይ ዘረ-መል ላይ ያለው ፕሮጂንስ የተባለው ልዩነትም ዕጣው ተመሳሳይ ነበር።

ይህን ግራ መጋባት ያጠራው ብልህ ቀመር ሳይሆን ብዛት ነው። ዓለም አቀፉ የጡት ካንሰር ጥናቶች ጥምረት ከተቋቋመ በኋላ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች ውሂብ በአንድ ላይ ሲታይ፣ በትናንሽ ጥናቶች ሲወደሱ ከነበሩት ልዩነቶች አብዛኞቹ ከሰሙ። በ2007 መላውን ጂኖም (የሰውን ዲኤንኤ በሙሉ) በመፈተሽ የመጡት የመጀመሪያዎቹ ጠንካራ ግኝቶችም ማንም ያልጠበቃቸው ነበሩ፤ ከሁሉም ጎልቶ የወጣው ኤፍጂኤፍአር 2 የተባለው ዘረ-መል እንጂ የሆርሞን ተቀባይ አልነበረም። የኢኤስአር 1 አካባቢ የታየው በ2009 ነው፤ መነሻው የሻንጋይ ሴቶች ጥናት ነበር። በ2016 አካባቢው በዝርዝር ሲመረመር ከአንድ በላይ ራሳቸውን የቻሉ ምልክቶች ተገኙበት። ምልክቶቹ በአብዛኛው የተቀባዩን ቅርጽ የሚለውጡ ሳይሆኑ፣ ኢኤስአር 1 እና ጎረቤቶቹ ምን ያህል እንደሚሠሩ የሚወስኑ ናቸው።

እንግዲህ ስድሳ ታማሚና ስድሳ ጤነኛ ይዞ «ፒቪዩ 2 በኢትዮጵያውያን አደጋውን በሦስት እጥፍ ያሳድጋል» ብሎ የሚመጣ ተማሪ ምን ልበለው? የተለመዱ ልዩነቶች አንድ በአንድ አደጋውን የሚለውጡት ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 25 በመቶ ገደማ ነው። ይህን በስድሳ ሰው ማየት አይቻልም። በስድሳ ሰው ጎልቶ የታየ ነገር ካለ ወይ አጋጣሚ ነው፣ ወይ ስህተት።

ስህተት ስል የማስታውሰው አለኝ። አንድ ጎበዝና ትጉህ ልጅ ውጤቱን ሲያቀርብ፣ ከጤነኞቹ መካከል ከአራቱ ሦስቱ ሁለት የተለያየ ቅጂ ያላቸው ሆነው ተገኙ። እሱ ይህን የሕዝባችን ልዩ ጠባይ ነው ብሎ ሁለት ገጽ ጽፎበታል። ሁለት ዓይነት ቅጂ ብቻ ባለው ልዩነት፣ ጋብቻ በዚያ ዘረ-መል ተመርጦ እስካልተፈጸመ ድረስ፣ ቅይጦቹ ከግማሽ ሊበልጡ እንደማይገባ የሃርዲና የዋይንበርግ ሕግ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ነው። ብንጠያየቅ፣ ፍሪዘሩ ኢንዛይሙን ይዞ መብራት ጠፍቶበት ነበር። የደከመ ኢንዛይም ዲኤንኤውን ከፊሉን ይቆርጣል፣ ከፊሉን ይተዋል፤ ጄሉ ላይ የሚቆረጠውም የማይቆረጠውም መስመር አብረው ይታያሉ፣ ሰውየው ቅይጥ ይመስላል። ልጁ ሥራውን ደገመው። «ልዩ ጠባዩ» ጠፋ።

ጤነኞችን ከተገኙበት መሰብሰብ

ታማሚዎቹ በአርባዎቹና በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያሉ፣ ጤነኞቹ የነርስነት ተማሪዎች። የሃያ ዓመት ልጅ ካንሰር ስለሌለባት «ጤነኛ» ትባላለች እንጂ ገና ዕድሜዋ አልደረሰም። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ የመጡበት ቦታ ነው። ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ታማሚ ከጋምቤላም ከሐረርም ከመቀሌም ይመጣል፤ ለማወዳደሪያ የሚወሰደው ደም ግን ከአዲስ አበባ ለጋሾች ነው። በሀገራችን የዘረ-መል ልዩነቶች ስርጭት ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል። እንዲህ ያለው ጥናት የካንሰርን ምክንያት አገኘሁ እያለ ሰዎቹ ከየት እንደመጡ ብቻ ይነግረናል።

ሃያ ነገር ሞክሮ አንዱን ብቻ መጻፍ

ሃያ ልዩነት በአምስት በመቶ የአጋጣሚ መለኪያ የፈተነ ሰው፣ ሁሉም ከንቱ ቢሆኑ እንኳ፣ በአማካይ አንዱ «ጉልህ» ሆኖ ይወጣለታል። መላውን ጂኖም የሚፈትሹ ጥናቶች መለኪያቸውን 0.00000005 ያደረጉት ለዚህ ነው። የሞከራችሁትን ሁሉ ጻፉ።

በመቶኛ ማስፈራራት

«አደጋውን በ26 በመቶ ይጨምራል።» ከምን ወደ ምን? ከሆርሞን ጋር በተያያዘ ለዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በ2002 የአሜሪካ የሴቶች ጤና ጥናት፣ ከወር አበባ ማቆም በኋላ ኤስትሮጅንና ፕሮጄስቲን (ፕሮጄስትሮን መሰል መድኃኒት) አጣምረው የወሰዱ ሴቶች የጡት ካንሰር አደጋ በ26 በመቶ እንደጨመረ አሳየ። ቁጥሩ ዓለምን አናወጠ። በሌላ አነጋገር፣ በዓመት ከ10,000 ሴቶች 30 ይያዙ የነበሩት 38 ሆኑ። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ስምንቱ ሴቶችም ቀላል አይደሉም። ለአንዲት ሴት ስትነግሩ ግን ሁለቱንም ንገሯት። በሚቀጥሉት አሥር ዓመታት ያላት አደጋ ከመቶ 2 የሆነችን ሴት፣ አንድ የተለመደ ልዩነት በ15 በመቶ ቢጨምርባት 2.3 ይሆናል። ይህን ሰምታ ጡቷን ለማስወገድ የምትሮጥ አይመስለኝም። ቢአርሲኤ 1 ጉዳይ ሌላ ነው፤ የተበላሸውን ቅጂ የያዘች ሴት እስከ 80 ዓመቷ ያላት አደጋ 70 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ሁለቱን በአንድ ቅርጫት መክተት ጥፋት ነው።

የሌላውን ሕዝብ ሠንጠረዥ ለራስ መዋስ

በ2014 በላቲን አሜሪካ ዘር ሴቶች ላይ የተሠራ ጥናት በኢኤስአር 1 አቅራቢያ የሚጠብቅ ልዩነት አገኘ፤ አንዱ ቅጂ ብቻ አደጋውን በ40 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። የመጣው ከአሜሪካ ቀደምት ነዋሪዎች ነው፤ አውሮፓውያንን ብቻ ያጠና ሰው አያገኘውም ነበር። በተቃራኒው በ2019 የወጣው የ313 ልዩነቶች የአደጋ ድምር ነጥብ የተሠራው ከአውሮፓ ዘር ሴቶች ነው። ለደብረ ብርሃን ሴት የሚሰጠው ቁጥር ለማንቸስተር ሴት የሚሰጠውን ያህል ትርጉም የለውም። «አፍሪካዊ» ተብሎ የተሰበሰበ ውሂብም አይተካውም፤ ናሙናው በአብዛኛው ከምዕራብ አፍሪካ ዘር ነው።

ከፖስታ የመጣ «ንጹሕ» ውጤት

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን በምራቅ የሚሠራ መመርመሪያ ገዝተው «ምንም አልተገኘም» የሚል ወረቀት ያሳዩኛል። በ2018 ለቀጥታ ሽያጭ የተፈቀደው ምርመራ ከሺህ በላይ ከሚታወቁት የቢአርሲኤ 1 እና የመሰሉ የቢአርሲኤ 2 ጉዳቶች ሦስቱን ብቻ ነበር የሚያየው፤ ሦስቱም በአሽከናዚ (ከመካከለኛውና ከምሥራቅ አውሮፓ በመጡ) አይሁድ ዘንድ የበዙ ናቸው። ለጎንደር ወይም ለወላይታ ተወላጅ፣ እስራኤል ለሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያንም ቢሆን፣ በእነዚህ ሦስቱ «የለም» መባል ምንም አልተመረመረችም ከማለት ብዙ አይርቅም።

የአባትን ወገን መዝለል

የቤተሰብ ታሪክ ሲጠየቅ በታማሚዋ ካርድ ላይ «የእናት ወገን፦ የለም» ይጻፍና ይታለፋል። አባት ቢአርሲኤን እንደ እናት እኩል ያስተላልፋል፤ እሱ ራሱ ብዙውን ጊዜ ሳይታመም። የአባቷን እኅቶችና የአባቷን እናት ጠይቁ፤ ከጡት ሌላ የማሕፀን ዕንቁላል ካንሰርንም ጨምሩ። ብዙ ቤተሰብ ውስጥ በሽታው በስሙ ስለማይጠራ «ሆዷ አብጦ የሞተች አክስት አለች?» ብላችሁ ጠይቁ።