በታብ ዘፈን በቤዝ ጊታር መጫወት እንዴት ይለመዳል?

ቤዝ ጊታር የጀመረ ሰው ኖታ ማንበብ እስኪለምድ ሳይጠብቅ ዘፈን መጫወት የሚችልበት አጭሩ መንገድ ታብ ነው። ታብ ጣት የት እንደሚያርፍ በቁጥር ያሳያል። መቼ እንደሚያርፍና ስንት ምት እንደሚቆይ ግን ብዙውን ጊዜ አይነግረንም። ጀማሪዎች ቁጥሮቹን በትክክል ተጭነው ዘፈኑ ዘፈን አልመስል የሚላቸው በዚህ ምክንያት ነው።

1. ቤዙን ቃኙ

ባለ አራት ክር ቤዝ ከወፍራሙ ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ ተብሎ ይቃኛል። ስልክ ላይ የሚጫን ነፃ መቃኛ ይበቃል። ወፍራሙ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ብቻ ስለሚርገበገብ ስልኩ ድምፁን ለመያዝ ሊቸገር ይችላል። ያኔ ክሩን 12ኛው ፍሬት (አንገቱን ከሚከፍሉት ቀጫጭን ብረቶች 12ኛው) ብረት ላይ ሳትጫኑ በጣት ጫፍ ብቻ ነካ አድርጋችሁ ምቱት። የሚወጣው ቀጭን ድምፅ ያው ኢ ነው፤ መቃኛው ቶሎ ያውቀዋል።

2. መስመሮቹን ለዩ

የታብ አራት መስመሮች አራቱ ክሮች ናቸው፤ የታችኛው ወፍራሙ ኢ፣ የላይኛው ቀጭኑ ጂ። ቤዙን ስትይዙ ወፍራሙ ክር ከላይ ስለሚሆን ወረቀቱ የተገለበጠ ይመስላል። ቤዙን ጭናችሁ ላይ አጋድማችሁ ከላይ ተመልከቱት። ወፍራሙ ክር ወደ ሆዳችሁ ይቀርባል፣ ልክ በወረቀቱ ላይ ወደ እናንተ እንደሚቀርበው የታችኛው መስመር። ይህን አንዴ ካያችሁት በኋላ አያምታታችሁም።

መስመሩ ላይ ያለው ቁጥር የፍሬት ቁጥር ነው፤ 0 ማለት ክሩን ሳትጫኑ መምታት ነው። ስትጫኑ ጣታችሁ ከፍሬቱ ብረት ጀርባ ጠጋ ብሎ ይረፍ፤ ራቅ ካለ ክሩ ይንጫጫል። ኤክስ የሚለው ፊደል የታፈነ ምት ነው፤ በሁለት ቁጥሮች መሃል ያለ ያዘመመ ሰረዝ (/ ወይም \) ደግሞ ጣትን ሳያነሱ ማንሸራተት ነው።

3. በትዝታ ተለማመዱ

ለጆሯችን ቅርብ ስለሆነ ትዝታ ሜጀር የተባለውን ቅኝት ከኤ እናስነሳው፦

ጂ |-------------------|
ዲ |-------------4--7--|
ኤ |-------4--7--------|
ኢ |-5--7--------------|

የግራ እጃችሁን አራት ጣቶች ከ4ኛው እስከ 7ኛው ፍሬት አሰልፏቸው። 5ን በመሃል ጣት፣ 4ን ሁሌም በሌባ ጣት፣ 7ን ሁሌም በትንሿ ጣት ተጫኑ። ትንሿ ጣት መጀመሪያ ላይ ትደክማለች፤ የቀለበት ጣትን ከኋላዋ አስጠግታችሁ አግዟት። ቀኝ እጅ ላይ ሌባና መሃል ጣት እየተፈራረቁ ይምቱ። ሙሉውን ቅርፅ ሁለት ፍሬት ወደ መቃኛ ቁልፎቹ አቅጣጫ ብታወርዱት የጂ ትዝታ ይሆናል። ይህ የቤዝ ትልቁ በረከት ነው፤ አንድ የተማራችሁት ቅርፅ በአንገቱ ላይ የትም ይሄዳል።

4. ታቡን ከማየታችሁ በፊት ዘፈኑን አዳምጡ

የስልክ ስፒከር ቤዝን በደንብ አያሰማም፤ ኢርፎን አድርጉ። ድምፃዊውን ተዉትና ቤዙን ብቻ ተከተሉ፣ በአፋችሁም አዚሙት። ከድራሙ ትልቁ ከበሮ ጋር የት የት እንደሚገጥም ልብ በሉ። በእግራችሁ እየመታችሁ እስከ 4 ቁጠሩ፤ ዘፈኑ ችክችካ ከሆነ እስከ 6።

ለምን እንዲህ እንደምል በምሳሌ ላሳያችሁ። ታቡ 5፣ 5፣ 5፣ 7 ቢል አራቱም እኩል አንድ አንድ ምት ሊይዙ ይችላሉ። ወይም የመጀመሪያው ሁለት ምት ተኩል ተዘርግቶ የቀሩት ሦስቱ ግማሽ ግማሽ ምት ይዘው ሊከተሉት ይችላሉ። ወረቀቱ ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ በጆሮ ግን ሌላ ሌላ ዘፈን ናቸው። ስለዚህ የሰማችሁትን ቆጠራ ከቁጥሮቹ ሥር በእርሳስ ጻፉ።

5. በትንሹ ቆርሳችሁ፣ በዝግታ

ሙሉ ዘፈን አንዴ አትጀምሩ። መግቢያውን ወይም አዝማቹን ምረጡ፤ ከዚያም ሁለት ሜዠር (ሁለት ዙር ቆጠራ) ብቻ ያዙ። ሜትሮኖሙን (ምት የሚቆጥረውን መሣሪያ) በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርጉና ሳትሳሳቱ ደጋግማችሁ ስትወጡት 5 ጨምሩ። ዩቲዩብ ላይ ፍጥነቱን ወደ 0.75 ወይም 0.5 ብታወርዱት ዘፈኑ ይዘገያል፣ ቅኝቱ ግን አይለወጥም። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው መሻገሪያውን ለብቻው ተለማመዱት፤ እጅ የሚደናቀፈው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

ድምፁ የሚያበቃበትም ቦታ ከሚጀምርበት እኩል አስፈላጊ ነው። ኖታው ሲያልቅ የግራ ጣታችሁን ከክሩ ሳታነሱ ጫናውን ብቻ ቀንሱ፤ ድምፁ ቀጥ ይላል።

6. ታቡና ዘፈኑ ሲጣሉ

ታብ የሚጽፉት እንደ እኛው አድማጮች ናቸው፣ ስህተት አይጠፋውም። አንድ ቦታ ብቻ ካልገጠመ ታቡ ተሳስቷል፤ ጆሯችሁን እመኑ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ፍሬት ከተዛነፈ ግን ባንዱ ግማሽ ቶን ዝቅ ብሎ ተቃኝቶ ይሆናል። ሌላም አለ፦ የኢ ክር 5ኛ ፍሬትና ባዶው የኤ ክር አንድ ኖታ ናቸው። እጃችሁ ከቦታው ርቆ የሚንከራተት ከመሰላችሁ ኖታውን ሌላ ክር ላይ ፈልጉት።

7. የአማርኛ ዘፈን ታብ ራሳችሁ ጻፉ

ለሀገራችን ዘፈኖች የተዘጋጀ ታብ እንደ ልብ አይገኝም። የሮሃ ባንዱን የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ መማር የሚሻ ሰው ከቅጂው በጆሮው ማውጣት ይኖርበታል፤ ድካሙም የሚያስቆጭ አይደለም። ዘፈኑ እየተሰማ ወፍራሙ ክር ላይ ፍሬት በፍሬት ውጡ። ከዘፈኑ ጋር ሳይጋጭ የሚያርፍ፣ ዜማውም ሲያበቃ የሚመለስበት ኖታ መነሻችሁ ነው። ከዚያ የትዝታውን ቅርፅ ሞክሩ። እምቢ ካለ ትዝታ ማይነርን፣ ባቲን፣ አምባሰልን ወይም አንቺሆዬን ፈትሹ። ያገኛችሁትን አራት መስመር አስምራችሁ ወዲያው ጻፉት።

ከድሮ ካሴት የተገለበጡ ቅጂዎች ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የቴፑ ፍጥነት ትንሽ ስለሚዛነፍ የዘፈኑ ድምፅ በሁለት ፍሬቶች መሃል ሊውል ይችላል። ያኔ መቃኛውን ዝጉትና ቤዛችሁን ከዘፈኑ ጋር በጆሮ ቃኙ።